የግል የአፈር ግድብን ማን ይመረምራል?
ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት በኬንያ ሶላይ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ በከባድ ዝናብ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው ባለሥልጣናቱ የተናገሩት ከአደጋው በኋላ ነው።

ዝናብ በበልግም በክረምትም ለሚጥልባት፣ ቤቶች በዳሞት ተራራ ሥር ለተጠጋጉባት ወላይታ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የአፈር ግድብ በአብዛኛው የሚፈርሰው ውሃ በአናቱ ሲፈስ ወይም ውስጡን ሰርስሮ አፈሩን ሲወስድ ነው። በቂ የትርፍ ውሃ ማስወጫ የሌለው ግድብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለታችኛው መንደር ስጋት ነው።

አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለውሃ ሥራ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባህላዊ መስኖን ግን ነፃ ያደርጋል። አርሶ አደሩ በጉልበቱ የሠራው ክትር ከየትኛው እንደሚመደብ ባለሙያ ከክረምቱ በፊት ሊለይለት ይገባል። ከግድቡ እግር ደፍርሶ የሚወጣ ውሃ ከታየ ግን ባለሙያ አይጠበቅም፤ ከታች ያሉ ቤተሰቦች በዚያው ዕለት ይነሣሉ።