ስለ ፎቶግራፍ መነሻ ዕቃና ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሥዕል

በቁስቋም ሠፈር በእንግድነት ወደ ሰው ቤት የገባ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በግድግዳው የተሰቀለውን የቆየ ፎቶግራፍ ሳይመለከት አይቀርም። አባወራው የተዋሰውን ካፖርት ደርቦ፥ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል፤ በስተኋላውም የአልጋ ልብስ ለመጋረጃ ተዘርግቷል። ይህን ዐይተው የሚስቁ ወጣቶች አሉ። እኛ ግን አንስቅም፤ ነገሩ በታላላቆቹም አገር የነበረ ነውና።

በ1856 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ48 ዓመታቸው ከልጃቸውና ከአማቻቸው የፎቶግራፍ መሣሪያ በስጦታ ተቀበሉ። በዋይት ደሴት፥ ፍሬሽወተር በተባለው መንደር ከነበረው ቤታቸው ዶሮዎቹን አስወጥተው የዶሮውን ቤት የሥራ ክፍል አደረጉት። አገልጋያቸውን በጨርቅ አከናንበው በእመቤታችን አምሳል ያነሷት፥ በሕፃናትም ትከሻ የወፍ ክንፍ አስረው መላእክት ያስመስሏቸው ነበር። መድኃኒት የተቀባው መስተዋት ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ሆነ፥ ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ግዴታው ነበር።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. በኒሁ ወይዘሮ መሣሪያ ፊት የተቀመጠው የኛው አገር ልጅ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፥ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። አባቱ በሚያዝያ በመቅደላ ሞተው፥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በግንቦት በመንገድ ላይ ዐርፈው ነበር። እንግዲህ ልጁ ለሥዕል ሲሰናዳ እናቱ ከሞቱ ሦስት ወር አልሞላም።

ጠባቂው እንግሊዛዊው ካፒቴን ስፒዲ፥ ባሻ ፈለቀ የተባለው፥ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ተነሣ። በሌላ ሥዕልም ጦር ይዞ በመሬት የወደቀን ሰው ሊወጋ እንደ ተዘጋጀ ሆኖ ይታያል። ለሱ ይህ ጨዋታ ነው፤ ጦርነቱን በዐይኑ ላየ ልጅ ግን ጨዋታ አይመስለንም። የዓለማየሁን ልብስና ጌጥ ሰው አሰናዳው፤ ፊቱን ግን ማንም አላሰናዳውም። በዚያ ዘመን ለፎቶግራፍ የሚስቅ አልነበረም የሚል ይኖር ይሆናል። ዝምታና ኀዘን ግን ለየቅል ናቸው።

ልዑሉ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወዳገሩ እንዲገባ ቢጠየቅም፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እንደማይፈቅድ አስታወቀ። ስለዚህ እነዚያ በዶሮ ቤት ባለቤት እጅ የተነሡት ሥዕሎች ለኛ ውድ ናቸው፤ ወይዘሮዋም በግርጌያቸው የልጁን ስም በእጃቸው መጻፋቸው የሚመሰገን ነው። በፍርድ ቤት ሥራችን ስምና ቀን የሌለው ወረቀት ስንት ጊዜ ለምስክርነት ሳይበቃ እንደ ቀረ እናውቃለን።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ በቤታችሁ ካለው ፎቶግራፍ ጀርባ የተነሺውን ስም፥ ቀኑንና ቦታውን፥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ በእርሳስ በቀስታ ጻፉበት። ኀዘን የደረሰበት ሕፃንም አልነሣም ብሎ እንደ ሆነ፥ ለሌላ ቀን ይቈይለት።