ስላልተስማሙት ጥንቸሎች

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንዲት እናት ደብዳቤ ጽፈውልናል። ልጃቸው የምታሳድጋቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንቸል ኹለት ዓመት በሰላም ከኖሩ በኋላ፥ ሌላ ሴት ጥንቸል ብትጨመር ጆሮ እስከ መቀዳደድ ደርሰዋል። «ልጄ ሳይታረቁ አልተኛም እያለች ታለቅሳለች፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ።

ውድ እመቤት፥ አስቀድሞ የእንስሳውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በአገራችን ሜዳ ጥንቸል የምንላት ብቻዋን በሣር ውስጥ ተሸሽጋ የምትውል፥ ግልገሎቿን ጠጕር ለብሰው ዐይናቸው ተከፍቶ የምትወልድ ናት። በፈረንጅ ቤት የሚረባው ግን ዘሩ ከእስፓንያና ከፖርቱጋል የመጣ፥ ጕድጓድ ምሶ በማኅበር የሚኖር ሌላ ወገን ነው። ይህኛው ጓደኛ ይሻል፤ ኾኖም ጓደኛውን ራሱ ይመርጣል፥ ስለ ስፍራውም ይዋጋል። የዌልሱ ተወላጅ ሮናልድ ሎክሊ በ1964 በፈረንጅ አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በወንዶቹም በሴቶቹም መካከል የበላይና የበታች እንዳለ ጽፈዋል። ስለዚህ የልጅዎ ጥንቸሎች እንግዳይቱን የነከሷት ክፉዎች ኾነው ሳይኾን፥ ቤታቸውን የምትወርስ መስላቸው ነው።

ዛሬውኑ ይለዩዋቸው። የጥንቸል ንክሻ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ይመግላልና ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ሦስቱም ዘር እንዳይተኩ በሕክምና ተደርገው እንደ ኾነ ይጠይቁ፤ ይህ ካልተደረገ ዕርቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከተደረገም በኋላ ቍጣቸው እስኪበርድ ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

ከዚያ በኋላ አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይናከሱ ኹለት ሽቦ በመካከል አቁመው ጎን ለጎን ያኑሯቸው፤ አንዱ የሌላውን ሽታ እንዲለምድ የተኙበትን ገለባ ያለዋውጡ። ሳምንታት ሲያልፉ ማናቸውም ባልኖሩበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ያገናኙአቸው። አንዱ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ሌላው ቢልሰው፥ ድርቆሽም አብረው ቢበሉ፥ መልካም ነው። ጅራት ሲቆም፥ ጆሮ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ግን ጠብ መጥቷልና ይለዩ፤ በባዶ እጅ ሳይኾን ወፍራም ጓንት አጥልቀው።

አንዳንዶች ጥንቸሎቹን በጠባብ ሣጥን ከትተው በመኪና ያንገላቱና፥ ተጠጋግተው ሲንቀጠቀጡ «ተስማሙ» ይላሉ። እኔ ይህን አልመክርም። የተጠጋጉት በፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ጠቡ ይመለሳል። በአርጩሜ ፊት እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ኹለት ተማሪዎችን ከደጅ ስንት ጊዜ አላቅቄአለሁ!

ይህ ኹሉ ተደርጎ እንቢ ቢሉስ? የሦስት ስምምነት ከኹለት ይልቅ አስቸጋሪ ነውና ሊኾን ይችላል። ከኹሉ በፊት የቀድሞዎቹን ጥንድ ይጠብቁ፤ እንግዳይቱን አይተው እርስ በርሳቸው መነካከስ ከጀመሩ፥ እርሷን ከዐይናቸው ያርቁ። አንዱም ሲታመም ኹለቱን አብረው ወደ ሐኪም ይውሰዱ፤ የሐኪም ቤት ሽታ ይዞ ብቻውን የተመለሰ በጓደኛው ዘንድ እንደ ባዕድ ይቈጠራልና። ለእንግዳይቱ ግን የተኰላሸ ወንድ ፈልጎ ለብቻቸው ማኖር ይቻላል፤ በሚኖሩበት አገር እንዲህ ያለውን ጓደኛ የሚያገናኙ የእንስሳት መጠለያዎች አሉ። ስፍራ ከሌለዎ ለሚገባት ቤት መስጠት ነውር አይደለም፤ ይህንም ለልጅዎ ሳይደብቁ ይንገሯት።

ለዛሬ ማታ ሽቦውን ዘርግተው፥ ሦስቱም በየስፍራቸው ድርቆሻቸውን ሲበሉ ያሳዩዋት። ትተኛለች።