ሳይታይ የሚሞላ ምርጫ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቆም ሲባል ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ ስልኩን ቤቱ ትቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ግቢ ገባ። ነባር ተማሪዎች በለቀቁት ዶርም አደረ፤ በፖሊስ እየተጠበቀ ካፌ በላ፤ ተፈተነ፤ ወጣ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲን ያየበት የመጀመሪያ ቀን ለብዙው የመጨረሻም ሆኖ ቀረ።

አየ ከተባለ ነው እንግዲህ። ያየው ከዶርም ወደ መፈተኛ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ካፌ የሚወስደውን መንገድ ነው። ላይብረሪው ዳር ላይ ነበር፤ ላብራቶሪውም እዚያው። "ግቡና እዩት" ማለት ግን በፈተናው መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ይህን ሁሉ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አጓጉዞ፣ አብልቶና አሳድሮ፣ ዩኒቨርሲቲውን ሳያሳዩ መመለስ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። እኛ ችለንበታል።

ከዚያ ውጤት ይወጣና ያለፈው ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል እንዲሞላ ይጠየቃል። ቁጥራቸው ከ40 በላይ ነው። በምን አውቆ ይሙላ? ቴሌግራም ላይ "ካፌው ይመቻል"፣ "እዛ ውጤት አይሰጡም"፣ "ሙቀቱ አይቻልም" የሚል ወሬ አለ። ከተመረቀ የቆየ የአጎት ልጅም አይጠፋም። እናት ደግሞ በዜና ስሙን ሰምታ የፈራችውን ከተማ ወደ መጨረሻ ታስወርዳለች፤ በእሷስ አልፈርድም። ግን አንዲት ክፍል የሚከራይ ሰው እንኳ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሳይጠይቅ ቀብድ አይከፍልም። አራትና አምስት ዓመት የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጥ ልጅ ይህን ቢጠይቅ ምኑ ነው ቅንጦት?

"መዳቢው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ አይተን ምን ልናመጣ?" ይሉኛል ወላጆች፤ መምህራንም ጭምር። አባባሉ ብስለት ይመስላል፤ እኔ ግን ስንፍናን በዕድል ማመካኘት ነው የምለው። ምደባው ውጤትን ቢያስቀድምም የተማሪውን ምርጫ ያያል፤ ካልሆነማ ቅጹን ማስሞላት ለምን አስፈለገ? ዋናው ምርጫ ደግሞ ከምደባው በኋላ ነው የሚመጣው። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ግቢ ከተገባ በኋላ፣ እዚያ ካለው ውስጥ ነው። ፋርማሲ እማራለሁ ብሎ ያደገ ልጅ ፋርማሲ የሌለበት ግቢ ገብቶ ነገሩን ከሲኒየሮች ሲሰማ፣ ጥፋቱን ሁሉ በምደባ ላይ መከመር አይቻልም። ደግሞስ ሁሉም በሚኒስቴሩ ምደባ ብቻ የሚገባ ነው ያለው ማነው? የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል።

የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ ግቢ በር ላይ የቆምኩ ዕለት ጥበቃው ግራ ገባው።

"ተማሪ ናት?"

"ገና ናት፤ ልታይ ነው።"

"ምን ልታይ?"

"ትምህርት ቤቱን።"

ትንሽ አሰበና "ጋሼ፣ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ" አለኝ። የማን ደብዳቤ እንደሆነ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ። የማውቀው መምህር ወጥቶ ባያስገባን ኖሮ ከበሩ እንመለስ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የቆመ ተቋም ነገ የሚያስተምራትን ልጅ ዛሬ በሩ ላይ ለምን እንደመጣች የሚጠይቃት ከሆነ፣ ወላጁን "ልጅህን ይዘህ ሂድ" ማለትም ቧልት ይሆናል።

ከገባን በኋላ እሷ ከአንዲት ተማሪ ጋር ሴቶች ዶርም ወጣች። ስትመለስ ያወራችልኝ ስለ ሕንጻው ማማር አልነበረም፤ ኮሪደሩን ይዘው ስለተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ነበር። ውሃው ፎቅ አይወጣም፤ ሌሊት ታች ሲመጣ ነው የሚቀዳው። የፊዚክስ ላብራቶሪው በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቴክኒሻኑ "ፕሮግራም ሲኖር ይከፈታል" አለን፣ መቼ እንደሚኖር ግን አልነገረንም። ላይብረሪው በአንጻሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቦታ እንዳይያዝባቸው ደብተር ጥለው የወጡም ነበሩ። ልጅቷ ግቢውን ከዝርዝሯ አልሰረዘችውም። ላይብረሪውን አስባ ሁለተኛ አደረገችው፤ ጀሪካኑን አውቃ ነው።

መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ሩቅ አገር ሂዱ አልልም። የቅርቡ ይበቃል። የፍሬሽማን ኮርሱ በየግቢው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ያየ ልጅ ስለሌሎቹ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

የግል ኮሌጆች ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በሩ ክፍት ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሬጅስትራሯ ፈገግ ብላ የምዝገባ ቅናሽ ትነግርሃለች። እዚያ የጎደለው ጎብኚው የሚያነሳው ጥያቄ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ መሆኑን ስንቱ ወላጅ ያውቃል? የዋናው ካምፓስ ወረቀት ተቀርጾ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ይህኛው ቅርንጫፍ ነርሲንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነውና "ካለፈው ዓመት ተፈታኞቻችሁ ስንቱ አለፈ?" ማለትም ነውር የለበትም። "ቢሮ ደውሉ" ከተባላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ትምህርት ሚኒስቴርን የምጠይቀው ግን ለግቢ ጉብኝት አዲስ በጀት እንዲመድብ አይደለም። ግቢ ገብተው ለሚፈተኑት አልጋውም ምግቡም ተይዟል። የመጨረሻው ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ አውቶቡሱ ግማሽ ቀን ይቆይ። የላይብረሪ ሠራተኛው በሩን ይክፈት፤ ቴክኒሻኑ አንድ ላብራቶሪ ያሳይ፤ ሬጅስትራሩ ግቢው ውስጥ ያሉትን ዲፓርትመንቶችና የሚቀበሉትን የተማሪ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ አትሞ ይስጥ። ጥበቃ ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ፖሊሱም እዚያው ነው።