በሉማሜ ከራት በኋላ ምን ይነበብ? ምንስ ይደመጥ?

ከአባይ በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሉማሜን ሳያይ አያልፍም። ጤፍና ስንዴ የጫነው መኪና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ስኳርና ዘይት፣ ጨውና ቆርቆሮ የጫነው ደግሞ ወደ ደጋው ይወጣል። ከሚወጣው ጭነት ውስጥ የመጽሐፍ ድርሻ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወቃል። ከትምህርት ገበታ የራቀ ልጅ ደግሞ ጆሮውና ዓይኑ ሥራ አይፈቱለትም፤ የሚሰጠው ሲያጣ ያገኘውን ይለቅማል። ስለዚህ ለዛሬው እሑድ፣ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሊያነቡት፣ ሊያደምጡትና ሊያዩት ይገባል ያልነውን እንደሚከተለው መርጠን አቅርበናል።

መጀመሪያ የምንጠራው መጽሐፍ አዲስ አይደለም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ለጎጃም ሰው ከዚህ የቀረበ ልብ ወለድ ከወዴት ይመጣል? ደራሲው የጎጃም ተወላጅ ናቸው። በዛብህ የተወለደው ማንኩሳ ነው፤ የተማረውም ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ይህን ስም የሉማሜ ልጅ ካርታ ሳይገልጥ ያውቀዋል። ብዙ ሰው መጽሐፉን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ይናገርለታል፤ እኛ ግን በበኩላችን ከፍቅሩ ይልቅ የገበሬዎቹ ጉዳይ ይበልጥብናል። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ግብር በላይ በጠየቁ ጊዜ ገበሬዎቹ እንቢ ብለው በአበጀ በለው መሪነት የቆሙበት ክፍል፣ ጉዱ ካሳም ዘመዶቹን ሳይፈራ ስለ ወግና ስለ ልማድ የሚከራከርበት ንግግር፣ አባት ለልጁ ጮክ ብሎ ቢያነብለት ከራት በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የጨዋታና የክርክር ጊዜ ይሆናል። ልጁ «ጉዱ ካሳ እውነት እብድ ነበረን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱን ለራሱ መተው ይሻላል።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለ ሆነ ያስፈራል የሚል ይኖራል። ለዚህ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ አለ። ያ ታላቅ ተዋናይ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያደረገው ትረካ እያንዳንዱን ሰው በየድምፁ ለይቶ ስለሚያቀርብ፣ ፊደል ያልቆጠረች አያት ሳትቀር ከልጅ ልጆቿ ጋር እኩል ትከታተለዋለች። ትረካው ዛሬ በስልክ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ በሚሞሪ ካርድ ከተገለበጠ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ይደመጣል። ይሁን እንጂ ማድመጥ የማንበብን ስፍራ አይወስድም። የተደመጠውን ምዕራፍ በማግሥቱ ልጁ ራሱ ከመጽሐፉ ቢያነብ የፊደል ዓይኑ ይፈታል፤ ወጋየሁ የት ላይ እንዳረፈ፣ የት ላይ ድምፁን እንዳነሣ እያስታወሰ ማንበብንም ይማራል። በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መታየት የጀመረውን ያየ ሰው ደግሞ የትኛው እንደሚሻል ይፍረድ። የእኛ ፍርድ ወደ ወጋየሁ ያደላል።

«ፖድካስት» የሚሉት ነገር አዲስ መጥ ቢመስልም፣ መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን በቴፕ መቅረጫ እያናገሩ «መጽሐፈ ትዝታ» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጅተው በ1959 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሽማግሌው ሲያወጉ፣ ልጅ ሲጠይቅ፣ መሣሪያው ሲቀዳ፤ ከዚህ የተለየ ምን ፖድካስት አለ? በዘመናችንም መዓዛ ብሩ በሸገር 102.1 ሬዲዮ የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» የዚሁ ዘር ነው። እንግዳውን ሳያጣድፍ ሕይወቱን ከልጅነት ጀምሮ እንዲናገር የሚፈቅድ ዝግጅት ስለ ሆነ፣ ለመንገደኛም ለሸማኔም ሥራ ሳያስፈታ የሚደመጥ ነው። የሉማሜ ወጣት ስልኩን ይዞ ወደ አያቱ ቢጠጋ ይህን ለመሥራት ምን ይጎድለዋል? አያቱ ስለ ጣሊያን ወረራ ከአባታቸው የሰሙትን፣ የ1977ቱን ድርቅ ያሳለፉበትን መንገድ ቢጠይቃቸው፣ መልሱ ከብዙ የከተማ ወሬ ይበልጣል።

ወደ ፊልሙ ስንመለስ፣ ከቤተሰብ ጋር ለማየት የሚያሳፍር ነገር የሌለበትን መምረጥ ቀላል አልሆነልንም። በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የኢትዮጵያ ፊልም «ላምብ» ነው፤ የያሬድ ዘለቀ ሥራ ሲሆን ቋንቋውም አማርኛ ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምን አባቱ ከዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከሚወዳት በጉ በቀር ወዳጅ የለውም፤ አጎቱ ግን ለበዓል ትታረድ ይላል። ከዚህም በላይ ልጁ ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱም «ወንድ ልጅ ምን ቤቱ!» ይላል። ለበዓል በግ የሚያርድ ቤተሰብ ይህን ፊልም ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፈው አይመስለንም።

«ድፍረት» ግን ለትንንሽ ልጆች አይደለም። የዘረሰናይ ብርሃኔ ፊልም ሆኖ፣ በጠለፋ የተወሰደች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትን እውነተኛ ነገርና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ያደረገችውን ክርክር የሚያሳይ ነው። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ያለችው አባትና እናት ከልጃቸው ጋር ቢያዩት እንመክራለን። ሕጉ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳር ማለቱን ሁሉም ሰምቷል፤ ፊልሙ የሚያሳየው ሕጉ ከወረቀት ወጥቶ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ለታናናሾቹ ብሩክታዊት ጥጋቡ በአሻንጉሊት ያዘጋጀችው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ይበቃል፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም አላረጀም።

አሁን የሚቀረው የማግኘቱ ነገር ነው። በስልክ የሚዘዋወረው የመጽሐፍ ቅጂ ድካም ያቀልላል፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ ደራሲ የሚኖረው መጽሐፉ ሲሸጥ ነውና፣ መግዛት የሚችል ሰው ይግዛ። ለብቻው የማይችል ደግሞ ከዕድርተኞቹ ጋር ይማከር። ድንኳንና ድስት በጋራ ገዝቶ በየተራ የሚጠቀም ዕድር፣ በዓመት ሦስት መጽሐፍ ገዝቶ ከድስቱ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር፣ ወስዶ ያልመለሰውንም እንደ ድስቱ ቢቀጣ፣ ደንቡን ማሻሻል እንኳ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎችም ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ለአንድ ካርቶን የሚሆን ቦታ አያጡም።