የነቀፌታችን ቃል ይመዘን

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ደነገገ፣ እኛ በመካነ ሰላም የምንማር ተማሪዎች ነቀፌታችንን እንኳ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዳሩ ግን «አተርሊ»፣ «አብሶሉትሊ»፣ «ቢተርሊ» እያልን ቃላቱን ያለ ቦታቸው እንደረድራቸዋለን። በአማርኛችን «ክፉኛ ተጎዳ» እንላለን እንጂ «ክፉኛ ዳነ» አንልም፤ እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው። «ስትሮንግሊ» ከ«ዲስአፕሩቭ»፣ «አተርሊ» ከ«ሪዲኪዩለስ»፣ «ቢተርሊ» ከ«ዲስአፖይንትድ» ጋር ይስማማል።

ከሁሉ በላይ ግን ብርቱ ቃል ማስረጃን አይተካም። ክረምት ስለሚያበላሸው የገጠር መንገዳችን ስንጽፍ፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደ ተዘጋ፣ ስንት ወላዶች ሐኪም ቤት ሳይደርሱ እንደ ቀሩ አስቀድመን እንቁጠር። ያን ጊዜ አንድ «ስትሮንግሊ» ይበቃናል። ወንድሞችና እኅቶች፣ ቃላችንን ከመደርደራችን በፊት እንመዝነው!