ቁስጥን ማክበር ዕውቀትን ይጠይቃል

በጅዳ አል-በለድም ሆነ በመካ የዐጣር ሱቆች ከሚሸጡት ሥሮች መካከል ቁስጥ አል-ሂንዲ ልዩ ስፍራ አለው። መዓዛው የከበደው ይህ ሥር የሚበቅለው በሒማላያ ተራሮች፣ በካሽሚርና በአካባቢው ነው። የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ «ኩሽታ» ብሎ ለሳል፣ ለአስምና ለቆዳ ሕመም ሲጠቀምበት ኖሯል። ጅዳም ኸሊፋ ዑሥማን እ.ኤ.አ. በ647 የመካ ወደብ ካደረጓት ጀምሮ የሕንድ ውቅያኖስ ሸቀጥ ወደ ሒጃዝ የሚገባባት በር ሆና ቆይታለች።

ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ የቁስጥ ክብር ከገበያ በላይ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ የሕንድ ዕፅ ውስጥ ሰባት ፈውሶች እንዳሉ፣ ለጉሮሮ ሕመም በአፍንጫ፣ ለጎን ውጋት ደግሞ በአፍ እንደሚሰጥ መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ክብር ግን ከሻጭም ከገዢም ኃላፊነትን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ኃላፊነት እውነተኛነት ነው። የተፈጨ ሥር ምን እንደሆነ በዓይን አይለይም። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ቁስጥ በስም ከሚመሳሰለው የአሪስቶሎኪያ ሥር ጋር ሊምታታ እንደሚችል ይታወቃል፤ በአሪስቶሎኪያ ውስጥ ያለው አሲድ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ካንሰርም ያስከትላል። ስለዚህ ዱቄቱን ከመንገድ ዳር ከመሸመት ይልቅ ያልተፈጨውን ሥር ፈቃድ ካለው ነጋዴ መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው አደራ ነው። ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል። በመመናመኑም ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግላቸው ዕፅዋት መዝገብ አስፍሮታል። ከዱር የተነቀለውን ለንግድ ማሻገር ክልክል ነው፤ በእርሻ የለማው የሚሻገረው በፈቃድ ብቻ ነው። ነጋዴው ሰነዱን ሊያሳይ፣ ገዢውም ሊጠይቅ ይገባል።

ሦስተኛው ነፍስን መጠበቅ ነው። ጊዜ ወይም አቅም ያጠረው ሠራተኛ ከሐኪም ይልቅ ወደ ዐጣር ቢያመራ አያስደንቅም። ሆኖም ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። የስኳር ሕመምተኛም በቁስጥ ተማምኖ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐኪሙ ሓሪሥ ኢብን ከለዳ እንደላኳቸው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሥሩን ማክበርና ሐኪምን መጠየቅ እንግዲህ የሚጋጩ አይደሉም፤ ሁለቱም ከአንድ ሱና የተቀዱ ናቸው።