ከአቦል በፊት የሚለቅ ራስ ምታት
ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ቡናው የዘገየበት ሰው ግንባሩን ይዞ ይቆያል፤ የተቆላው ቡና ከነመቁያው ሲዞርለት ግን ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ሳብ ያደርግና ፊቱ ይፈታል። አቦል ገና አልተቀዳም። ነገሩ የካፌይን ሱስ ነው የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ሕመሙ የእውነት ነው። ነገር ግን አንዴ የተማገ ጭስ ራስ ምታት የሚያስታግስ ካፌይን አይሸከምም። ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንኳ የሱሰኛን ጭንቅ ለጊዜው እንደሚያቀል በጥናት ታይቷል። እንደኔ እንደኔ፣ እፎይታው የሚመጣው ሽታውና ሲኒው ለዓመታት ስለተቆራኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሾቹ ምግቡ ሳይቀርብ ለሃጫቸው ሲዝረበረብ ያስተዋለውም ይህንኑ ቁርኝት ነው። በጅማ የሥነ ልቦና መግቢያ የሚያስተምር መምህር ከሩሲያ ውሻ ይልቅ ከመቁያው ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ ሊፈትሸው ይችላልና።